ትራፊ ሙቀት

ደኒዝሊ፣ ቱርክ
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ዓባይነህ
ቆሰበር

ጋሼ፣ አዲሱን ዘመን የሰላም ያድርግልዎ። እርስዎ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ እንዴት ክረምቱን አለፋችሁት? እናቴ እታለማሁስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ሥራም አለ።

በወረቀት የምጽፍልዎ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ የተናገሩትን በሳምንቱ «አላልሁም» ይላሉ። እናቴም የምታናግረኝ በእርስዎ ስልክ፣ እርስዎ አጠገቧ ቆመው ነው፤ «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ትመልስልዎታለች። ወረቀት ያሉትን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከእንግዲህ በጽሑፍ ይሁንልን።

ነገሩ ይህ ነው። ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት እየመዘገቡ እንዲልኩልኝ ተስማምተን ነበር። የሐምሌንና የነሐሴን አየሁት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። ጋሼ፣ በክረምት ከሰል ታከስላላችሁ? እኔ የማውቀው እንጨቱ ርጥብ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድም እቶን እንደማይለኮስ ነው። እቶን ካልተለኮሰ ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ሙቀት የለም። ታዲያ ወፍጮውን አራት መቶ ሰዓት ያዞረው ምንድን ነው?

ማሽኑን ስንተክል ሁለት ወር አብሬያችሁ ከርሜ ለከሰል ማኅበሩ አባላት በአማርኛም በአገውኛም አስረድቻለሁ። ከአምስቱ እቶኖች ጭስ ጋር ወጥቶ የሚጠፋውን ሙቀት ነው የያዝነው። ጭሱ ዘይት ያሞቃል። ዘይቱ በእጅ ሙቀት የሚፈላውን ፈሳሽ ያፈላል። እንፋሎቱ መዘውሩን ያዞራል፤ ወፍጮውም መብራቱም ከዚያ ነው። እንፋሎቱ ደጅ ባለው ማቀዝቀዣ አልፎ እንደገና ፈሳሽ ይሆንና ይመለሳል። የምንበላው ትራፊ ነው። ከሰል ለማክሰል ባልተለኮሰ እሳት አንድ ቀን እንኳ እንዳታስነሡት ብዬ ነበር፤ እርስዎም በወንድምዎ፣ በአባቴ በአበረ አጥንት ምለውልኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የእናቴ ዲከረንስ ነው። በሁለት ቃዳ፣ በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ የቆመ የአራት ዓመት ዛፍ አላት፤ በሚመጣው ዓመት ለከሰል ይደርሳል። እናቴ «የኔ» የምትለው ሌላ ነገር የላትም። ጠባቂው እርስዎ ነዎት። ዛፍ የሚያደርቀው በሽታ ወደ እኛ ሰፈር አልተሻገረም ብለውኛል። እንዴት እንዳለ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ
የምሥራች አበረ


ቆሰበር
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለየምሥራች

የአባቶችሽ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የምትበዪውን ይባርክልሽ፤ ምላስሽንም ጥቂት ያለዝብልሽ። እኛ ደህና ነን። ከብቱ ደህና ነው። እናትሽ ደህና ናት።

ደብዳቤሽ ከወር በላይ ፈጅቶ ደረሰ። «ሙቀቱ ከየት መጣ» ትያለሽ። እሳት ያለበት ቤት ሙቀቱ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል? ወፍጮው ይፈጫል። ጎረቤታችን ምህረቴ ድሮ ለአንድ ቁና እህል ሁለት ሰዓት ተጉዛ፣ ተራ ጠብቃ፣ ሲመሽ ትመለስ ነበር። ዛሬ ወጧን ጥዳ መጥታ፣ አስፈጭታ፣ ወጡ ሳይደርቅ ትመለሳለች። ሲፈጩ ስምሽን እያነሡ ይመርቁሻል። አንቺ ደግሞ እዚያ ተቀምጠሽ ሰዓት ትቆጥሪያለሽ።

ማሽኑን እንደ ልጅ ነው የያዝሁት። ደጅ ጥለሽው የሄድሽው ባለቱቦ ሳጥን፣ ማቀዝቀዣ ያልሽው፣ ባለፈው ሰኔ በረዶ ሲወርድበት አንጀቴ አልችል አለ። በእኛ አገር ብርድ ጥጃ እንኳ ደጅ አያድርም። ዙሪያውን በቀርከሃ አጥሬ፣ ከላይ የዝናብ ገሳ አልብሼዋለሁ። አሁን ዝናብም ነፋስም አያገኘው። የተማረ ሰው ሁለት ወር ሲከርም ይህን አላሰበም።

የሚያስፈልገን የወፍጮ ቀበቶ ሁለት፣ ለዘይት ፓምፑ ደግሞ ማጥበቂያ ጎማ አንድ ነው። ቶሎ ላኪ።

ዛፉ ደህና ነው። ዛፍ የት ይሄዳል?

አጎትሽ ዓባይነህ


ደኒዝሊ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ።

ማቀዝቀዣውን ገሳ አለበስሁት ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጋሼ፣ ጥጃ አይደለም። ያ ማሽን በሙቀት ብቻ አይሠራም። ባንድ በኩል ሙቀት፣ በሌላ በኩል ብርድ ሲያገኝ ነው የሚዞረው። እንፋሎቱን ብርድ መትቶ ፈሳሽ ካላደረገው መውጫ ያጣል፤ መዘውሩ ይደክማል። እኔ እዚህ የምሠራባቸው ማሽኖች ከምድር በሚወጣ ፍል ውኃ ነው የሚዞሩት፤ የበጋው ሙቀት ሲያይል ጉልበታቸው ይወርዳል፣ እኛም ብርድ አምጡ እየተባልን እንጨነቃለን። እርስዎ በነፃ የተሰጠዎትን የቆሰበርን ብርድ በገሳ ከለከሉት። ወፍጮው ሲደክም እሳት ጨመሩ። አሁንም ሲደክም አሁንም ጨመሩ። ደብዳቤው በደረሰዎት ቀን ይግለጡት።

የገሳውን ነገር ሳልጠይቅዎ ነገሩኝ። የጠየቅሁዎትን አልመለሱም። ክረምቱን ሙሉ ምን አነደዱ?

በጥቅምት መጨረሻ አዝመራው የሚባል የቆሰበር ልጅ ለትምህርት እዚህ መጣ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ስነግረው «አወቅሁት፤ የእናትሽ ቤት ከአስፋልቱ ይታያል» አለኝ።

«አይታይም፤ ዛፍ ይጋርደዋል» አልሁት።

«የምን ዛፍ?» አለኝ።

ጋሼ፣ የምን ዛፍ?

ማሽኑ ሁለት ሺህ ሰዓት በሞላው ቁጥር ለምርመራ ራሱ ይቆማል። ባለስድስት አሃዝ ቁጥር ካልገባለት አይነሣም። አምና ቁጥሩን ነግሬዎት ነበር፤ የዘንድሮው ሌላ ነው። ከላኩልኝ መዝገብ ሳሰላው ጥር ላይ ይሞላል። ስለ ዛፉ ቀጥተኛ መልስ ካልደረሰኝ ቁጥሩ አይደርስዎትም። ቀበቶውንና ጎማውን ልኬያለሁ፤ እሱ ለሴቶቹ ነው።

የምሥራች


ቆሰበር
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየምሥራች አበረ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ገልጬዋለሁ። ደስ ይበልሽ። ድሮ በሙሉ እንጨት ይፈጭ የነበረውን አሁን በግማሽ እንጨት ይፈጫል። ይህን የምጽፈው ላመሰግንሽ አይደለም፤ «ደበቀኝ» እንዳትዪ ነው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ስጦታ ሰጥቶ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሄደ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። በሬ ሰጥቶ ቀንበር እንደ መደበቅ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለማኅበሩ ሰው ነገርኋቸው። ምህረቴ ያለችውን ልንገርሽ፤ «ይህች ልጅ ባሕር ተሻግራ፣ ከዚያ ማዶ ሆና የኔን እህል ታስራለች? እኔ አዝዬ ያሳደግኋት!» ነው ያለች። እንየው ደግሞ፣ ሽማግሌ ነኝ ባዩ፣ «ከዳንግላ አንድ ብየዳ የሚችል ሰው አምጥተን እናስፈታዋለን፤ ብረት ብረት ነው» አለ። እኔ ነኝ የከለከልሁ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ቤንዚን ይነዳል ብለሽኛልና። እንግዲህ ይህንንም መዝግቢልኝ።

አዝመራው ያልሽውን ልጅ አባቱን አውቀዋለሁ። በሬና ጊደር የማይለይ ሰው ነው። ልጁ ዛፍ ለየ አልለየ ምን ይደንቃል?

ዛፍ የሚተከለው ለመቆረጥ ነው። ለሁለት ወር እንግድነት ካልሆነ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን መሬት ያልረገጠ ሰው ስለ ዛፍ ዕድሜ አያስተምረኝም። ቀበሌው ዘንድሮ መሬት እየለካ ነው። ጧሪ የሌላት ባልቴት ማሳ ላይ ምን ሊደረግ እንደሚችል ታውቂያለሽ። ለእናትሽ ከኔ ሌላ የሚቆምላት ማን ነው? ቁጭ ብለሽ አስቢበት።

ቁጥሩን ላኪ።

ዓባይነህ


ደኒዝሊ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ ዓባይነህ፣

«በግማሽ እንጨት» ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ የሚነደው እንጨት ነው፤ ከሰል እየተከሰለ አይደለም። ወረቀት የመረጥሁት ለዚህ ነበር።

የመሬቱ ደብተር በእናቴ ስም ነው፤ ፎቶዋም ተለጥፎበታል። በቀበሌ አያስፈራሩኝ።

ማሽኑ እስካሁን ቆሟል ብዬ እገምታለሁ። እንዲነሣ ከፈለጉ ይህን ያድርጉ። እናቴን አስቀምጠው ስለ ዛፉ የምትለውን ቃል በቃል ይጻፉ፤ ሳያሳምሩ፣ ሳያሳጥሩ። እሷ ፊደል ስለማትለይ መምህርት ቤዛዊት ታንብብላት። «ያልሁት ይኸው ነው» ካለች መምህርቷ ትፈርምበት። ከዚያ በኋላ ስለ ቁጥሩ እንነጋገራለን። ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ቢመጣ አልመልስም።

የምሥራች አበረ


ቆሰበር
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየምሥራች አበረ

ማሽኑ ጥር 27 ቀን ጠዋት ቆመ። ምህረቴ ጤፏን ገና አላጋመሰችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ የሚያስፈጩት ቆሰበር ከተማ ድረስ ሄደው ነው። በደጄ ሲያልፉ ሰላም አይሉኝም።

ባዘዝሽው መሠረት ትናንት ከሰዓት በኋላ እናትሽን አስቀመጥኋት። መምህርት ቤዛዊት መጥታ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። የተባባልነውን እንዳለ እጽፋለሁ። እናትሽ በመሐል በአገውኛ የተናገረችውን ትቼዋለሁ፤ ስድብ ነው፤ መምህርቷም አገውኛ አትሰማም።

«እታለማሁ፣ ስለ ዛፉ ተናገሪ። ልጅሽ ቃልሽን ፈልጋለች» አልኋት።

«አንተ አታውቀውም? ምን ያስለፈልፈኛል?» አለች።

«እኔ አይደለሁም፤ አንቺው እንድትዪው ነው የተፈለገ።»

«እንግዲያው ጻፍ። አምና ግንቦት ላይ ቅጠሉ ቀላ፤ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ጻፍህ?»

«ጻፍሁ።»

«ያንተ ደግሞ ከኔ ቀድሞ ደርቋል። አልደረቀም?»

«ደርቋል።»

«እሱንም አስገባው።»

አስገብቼዋለሁ። በሽታው አልመጣም ብዬሽ ነበር። መጥቶ ነበር። የኔ ሦስት ቃዳ በሚያዝያ አለቀ። ከዚያ የጎረቤቶቼ። ባለ መኪኖቹ የከሰል ነጋዴዎች ከመንገዱ ጠፉ። በሽታ የገደለው እንጨት ሲከስል ይፈረካከሳል፤ የሚገዛው የለም። ግን ይነዳል። አምና ከፋሲካ ወዲህ ከአምስቱ እቶኖች አንድ ከረጢት ከሰል አልወጣም። ለወፍጮው ብቻ ነው ያነደድናቸው።

«ቀጥል» አለችኝ እናትሽ። «አትቁረጥ አላልሁህም?»

«ብለሻል።»

«ጫፉ ያለመለመ አለ፣ ክረምቱን ይለፍ፣ የሚድን ይድናል አላልሁህም? ጠበል አልረጨሁትም?»

«ረጭተሻል።»

«ከዚያስ?»

ዝም አልሁ። መምህርቷ ብዕሬን እያየች «ዝም አልሁ ብለው ይጻፉ እንጂ» አለች። እንደ ተማሪ ነው የተቆጣችኝ።

«ሐምሌ አቦ ለእኅቴ ባል ተዝካር ዳንግላ ሄድሁ» አለች እናትሽ። «ውዬ አድሬ በአራተኛው ቀን ተመለስሁ። ከጋሪ ወርጄ ቤቴን ሳየው የሰው ቤት መሰለኝ። ሁሉም ጉቶ! በሌለሁበት ቆረጥኸው። እንዲህ ብላለች ብለህ አትጻፈው፤ ራስህ ነህ የምትናገረው።»

በሌለችበት ቆረጥሁት።

ለምን ብትዪ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔ ነኝ። የማሽኑን ቤት ለመሥራት ሰው መሬትና ጉልበት የሰጠው አንቺን አምኖ አይደለም፤ አንቺ ሂያጅ ነሽ። እኔን አምኖ ነው። «የዓባይነህ ማሽን ሁለት ዓመት እንኳ አልሠራም» ከሚባል ዛፍ ይቆረጥ አልሁ። ነገ ቢመለስ አሁንም እንደዚያው አደርጋለሁ። በውስጡ የሚድን ዛፍ ነበረበት ወይ ብትዪ፣ ነበረበት። ሲሶው አረንጓዴ ነበር።

ሁሉን ከጻፍሁ በኋላ «ስለ ቁጥሩስ ምን ትያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ይህን አንቺ አላዘዝሽም፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁ። የሴቶቹን ድካም ስለምታየው «ትስጠው» ትላለች ብዬ ነበር።

«አትስጪው በላት» አለች።

«ልጻፈው?»

«ጻፈው እንጂ! ለምን መጣህ?»

ጽፌዋለሁ።

ዓባይነህ

ተነብቦላታል፤ «ያልሁት ይኸው ነው» ብላለች። ቤዛዊት


ደኒዝሊ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ ዓባይነህ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ሲሶው አረንጓዴ ነበር» ያሉትን ማንም አላስገደደዎትም። እሱን ቆጥሬልዎታለሁ። ሌላ የምቆጥርልዎ የለኝም።

መምህርት ቤዛዊት ከፊርማዋ ሥር በቀጭኑ የስልክ ቁጥሯን ጽፋልኛለች። ያዩት አልመሰለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ሰዓት አወራን። በስልክ ከ«ደህና ነኝ» ያለፈ ነገር ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ በኩበትና በልመና እንጨት እንደምታበስል ነገረችኝ። እርስዎ «ደህና ናት» እያሉ ሲጽፉልኝ ማለት ነው።

አሁን ስለ ማሽኑ። ቁጥሩ ቢገባ ሁሉም ወደ ቦታው የሚመለስ ይመስልዎታል። ትራፊ እንዲኖር መጀመሪያ ማዕድ መቅረብ አለበት። ከሰል ከሌለ ትራፊ ሙቀት የለም። ያ ማሽን ከሚሰጡት አሥር እጅ ሙቀት ወደ ጉልበት የሚለውጠው አንዱን እጅ ነው፤ ዘጠኙ በማቀዝቀዣውና በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሙቀቱ የሚባክን ሲሆን ያ አንድ እጅ ትርፍ ነው፤ ማንንም አያስቆጭም። የእናቴ ዛፍ ሲሆን ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ሰማይ ገባ ማለት ነው። ይህን ሁለት ወር ሙሉ ነግሬዎት ነበር። በሁለት ቋንቋ።

ቁጥሩን ለእናቴ ሰጥቻታለሁ። «አትስጪው» ያለችው ለእርስዎ እንዳልሰጥ ነው፤ እሷ ግን ልያዘው ስትል እንቢ አልልም። ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፤ አልሳተችም። መቼ እንደሚገባ፣ በምን እሳት እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚፈጭ የሷ ጉዳይ ነው። የሚቀጥለውንም ቁጥር፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም ለሷ ነው የምነግራት። ከእንግዲህ እኔን አይጠይቁኝ።

ፈሳሹን ማንም እንዳይነካው። ይህን የምለው ለእርስዎም ጭምር ነው።

የምሥራች


ቆሰበር
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየምሥራች

እናትሽ ቁጥሩን አልሰጠችኝም።

መጀመሪያ እንየውን ከሁለት ሽማግሌ ጋር ላክሁባት። «ዛፌን አምጡና ቁጥሩን ውሰዱ» አለቻቸው። ቀጥሎ ቄሱን ላክሁ። «አባ፣ መስቀልዎን ያሳልሙኝ፤ የቀረውን ይተዉት» አለቻቸው። ሴት ለሴት ይሻላል ብዬ ምህረቴን ላክሁ። ምህረቴ እዚያው ቁጭ ብላ ከናትሽ ጋር እኔን ስታማ ዋለች። ስትመለስ «እውነቷን ነው» አለችኝ። ይህች ባንቺ ላይ ስትጮህ የነበረችው ናት።

በመጨረሻ ራሴ ሄድሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በወንድሜ ሚስት ደጃፍ ላይ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምሁ። «ምን ላድርግልሽ?» አልኋት።

«ቆፍር» አለች።

ጉቶውን ነቀልሁ። ከነሥሩ። ማኅበርተኛ አላስጠጋችም፤ «ሲቆርጥ ብቻውን ነበር» አለች። በሰኔ ሃያ ስድስት መቶ ጉድጓድ ቆፍሬ ጨረስሁ። ዝናቡ ሲይዝ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከልሁበት፤ ዲከረንስን ከእንግዲህ የሚያምነው የለም። «አሁንስ?» አልኋት። «የጸደቀው ሲቆጠር ያኔ» አለች። ችግኝ መጽደቁ የሚታወቀው በጋውን ሲሻገር እንደሆነ አንቺም አትረሽውም። ገና ክረምቱ መግባቱ ነው።

ይቅር አላልሁሽም። የገዛ ቃሌን በገዛ እጄ አስጽፈሽ፣ በገዛ ሰፈሬ ደጅ አስጠናሽኝ። አንቺም ይቅር እንዳላልሽኝ አውቃለሁ፤ በዚህ አንበላለጥም።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ዛሬ ጠዋት ነው። እናትሽ ገብሷን በጀርባዋ አዝላ በደጄ አለፈች። ወደ ቆሰበር ከተማ ልታስፈጭ ነው። ወፍጮው ከቤቷ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ቁጥሩም በቃሏ ነው። ሌሊቱን የዘነበው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ወጥቼ «ልሸከምልሽ» አልኋት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አላለችም፣ እንቢም አላለችም። ጎንበስ እንዳለች በአጠገቤ አለፈች። ዳገቱ ላይ እስክትሰወር ቆሜ አየኋት፤ አንድም ጊዜ አላረፈች።

ዓባይነህ